ስለ አሮጌ ፎቶግራፍ አዘገጃጀትና ስለ ቤተ ሰብ ቪዲዮ የተሰጠ ንግግር



በያንዳንዱ ሰው ቤት፥ በሣጥን ውስጥ ወይም በግድግዳ ላይ፥ ዋጋው በገንዘብ የማይገመት አንድ ሀብት ይገኛል፤ ይኸውም ፎቶግራፍ ነው። ወርቅ ቢጠፋ ሌላ ወርቅ ይገዛል፤ ቤት ቢፈርስ በስፍራው ሌላ ቤት ይሠራል። የሞተ አባት ፊት የሚታይበት አንድ ወረቀት ግን ከጠፋ የሚተካው ነገር የለም። በአሁኑ ዘመን ልጆች ይህን ወረቀት ከሣጥን እያወጡ ለሠርግ፥ ለጋብቻ ኢዮቤልዩ፥ ለሙት ዓመትም መታሰቢያ በቪዲዮ ያሰናዱታል። አሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሥራው ብዙ ጊዜ በዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው ስለሚጀመር ፊት ይበላሻል፤ ስም ይሳሳታል፤ ዋናው ወረቀትም ይቀደዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ይፈጸማል። ስለዚህ በዚህ ንግግር የሚገለጠው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ለቪዲዮ የሚሆነውን ፎቶግራፍ ማዘጋጀት ማለት ማሳመር ሳይሆን የሰውን ፊትና ስም በእውነት ማቆየት መሆኑ ነው።

ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ ለሕዝብ የተገለጠው በፈረንሳይ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ነው። ዳጌር የሚባለው ሰው በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሰውንና የነገርን መልክ በብርሃን ለማስቀረት የሚቻልበት መንገድ በዚያ ዓመት ታወቀለት። ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ሳይሞላ፥ በ1868፥ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባለው አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ ልጆቹም ሥራውን ወርሰዋል። በመጀመሪያ የነገሥታትና የመኳንንት የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ ሙሽራውም፥ ተማሪውም፥ ወታደሩም በፎቶግራፍ ቤት መጋረጃ ፊት ቆሞ መልኩን ለልጅ ልጅ አስቀረ።

የቆመውን ሥዕል በተንቀሳቃሽ ሥዕል ውስጥ ማስገባትም አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ኮሊን ሎውና ዎልፍ ኬኒግ የሚባሉ ሁለት የካናዳ ፊልም ሠሪዎች «የወርቅ ከተማ» የሚባለውን አጭር ፊልም ሠሩ። ፊልሙ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወርቅ ፈላጊዎች ስለ ጎረፉባት ስለ ዳውሰን ከተማ የሚናገር ነው። ሰዎቹ ሞተዋል፤ የዚያ ዘመን ግርግርም አልፏል፤ የቀረው ያን ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ ነበረ። ሁለቱም ካሜራቸውን በፎቶግራፉ ላይ በዝግታ እያስኬዱ አንድ ጊዜ ወደ አንድ ፊት፥ አንድ ጊዜም ወደ ረጅሙ የሰው ሰልፍ መሩት፤ ተመልካቹም ዝም ብሎ የቆመው ሥዕል ሕያው እስኪመስለው ድረስ ተመሰጠ። ኬን በርንስ የሚባለው አሜሪካዊ በ1990 ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባሳየው ረጅም ፊልም ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ ከዚህም የተነሣ አካሄዱ በርሱ ስም ተጠርቶ በኮምፒዩተር የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች ውስጥ ገባ። ዛሬ በእጅ ስልክ እንኳ ሳይቀር ይገኛል። መሣሪያው ቀለለ፤ የቀደሙት ሰዎች ትዕግሥት ግን ከመሣሪያው ጋራ አልተሸጠም።

የዝግጅቱ መጀመሪያ ስም ነው። ብዙ ሰው ሥራውን በኮምፒዩተር ይጀምራል፤ ይህ ግን የኋላውን ማስቀደም ነው። ኮምፒዩተር ነገም ይገኛል፤ በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች ለይታ የምታውቀው የ80 ዓመት አሮጊት ግን ነገ ላትገኝ ትችላለች። እርስዋ ያረፈች ቀን በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ፊቶች ሁሉ ስም የሌላቸው እንግዶች ይሆናሉ። ስለዚህ ቪዲዮ ሊሠራ ያሰበ ሰው ሁሉ ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ ፎቶግራፎቹን ይዞ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ሊቀመጥ ይገባዋል። ይህ ከግራ በኩል የቆመው ማን ነው? ይህች የታቀፈችው ሕፃን የማን ልጅ ናት? ይህ ግቢ የማን ነው? እያለ ይጠይቅ፤ የሚመልሱትንም በድምፅ መቅጃ ይያዝ። የተቀዳውም ድምፅ ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛ ስሙን ያቆያል፤ ሁለተኛም ቪዲዮው ሲሠራ የአያቲቱ ቃል ራሱ ከሥዕሉ ጋራ ሊሰማ ይችላል። ከማናቸውም ዘፈን ይልቅ ይህ ድምፅ የልብን ደጅ ይከፍታል።

ስምም ሲጻፍ በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። በአገራችን ልማድ የቤተ ሰብ ስም የሚባል ስለሌለ «አልማዝ» ብሎ ብቻ መጻፍ ከ50 ዓመት በኋላ ለሚመለከተው ሰው ምንም አይነግረውም፤ የአባትና የአያት ስም ሊጨመር ይገባል። ደግሞ አንድ ሰው የዓለም ስም፥ የክርስትና ስም፥ በቤትም የሚጠራበት ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። አንዱ አጎት በአንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ በአንድ ስም፥ በሌላውም በሌላ ስም ተጽፎ ሲገኝ ልጆቹ ሁለት ሰው ነው ብለው እንዳይሳሳቱ ሦስቱንም አስተባብሮ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ዘመንም እንዲሁ ነው። በፎቶግራፍ ጀርባ የተጻፈው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን ወይም በአውሮፓ ሳይለዩ በቪዲዮው ላይ ማውጣት ትልቅ ስሕተት ያመጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያረፉበት ዓመት በኢትዮጵያ 1860፥ በአውሮፓ 1868 ነው፤ የሚጻፈው ግን ቍጥሩ ብቻ ቢሆን ሁለት የተለያየ ነገር ይመስላል። ልዩነቱም ከመስከረም እስከ አውሮፓ አዲስ ዓመት ድረስ 7፥ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጕሜን 8 ዓመት ነው። በውጭ አገር ፎቶግራፍ ቤት የታተመው ብዙ ጊዜ በአውሮፓ፥ በአገር ቤት በእጅ የተጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ ስለሚሆን አቆጣጠሩን ከዓመቱ አጠገብ መጻፍ የማይቀር ግዴታ ነው። አለዚያ አንዲት ሙሽራ ከተወለደች በ10 ዓመቷ እንዳገባች ተቈጥሮ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር አያያዝ ነው። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ፎቶግራፉም በጠርዙ ይያዝ እንጂ ጣት በፊቱ ላይ አይረፍ። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ በውሃም ሆነ በምራቅ መወልወል ግን የተከለከለ ነው። በአልበም ላይ በሙጫ የተጣበቀውን ለመንቀል መታገል አይገባም፤ ከነገጹ መቅዳት ይሻላል። ከክፈፉ መስታወት ጋራ የተጣበቀውንም እንደ ተጣበቀ ከመስታወቱ በላይ መቅዳት ይቻላል፤ የሚላቀቅ መስሎት የሚስብ ሰው ፊቱን በመስታወቱ ላይ ትቶ ወረቀቱን ብቻ ያወጣል። በጀርባው ላይ ቍጥር መጻፍ ሲያስፈልግ በለስላሳ እርሳስ፥ በጠርዙ በኩል፥ ሳይጫኑ ይጻፍ፤ የብዕር ቀለም ወደ ፊቱ ሊያልፍ ይችላል። ያው ቍጥር በኮምፒዩተሩ ፋይል ስምና በመዝገቡ ደብተር ላይ ቢጻፍ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ።

ከወረቀቱ ጋራ አሮጌ ኔጋቲቭ የተገኘ እንደ ሆነ እንደ ጥራጊ አይጣል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ የሥዕሉ ሥር እርሱ ነው፤ ከወረቀቱም ይልቅ ብዙ ዝርዝር ይዟል። ነገር ግን እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ኔጋቲቭ መበስበስ የጀመረ ነውና ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሳይውል ሳያድርም ይቀዳ። የቀለም ፎቶግራፍም ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ከ50 ዓመት በፊት የታተሙት ብዙዎቹ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቢጫ ማዘንበላቸው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የሚቀዳ ብዙ ሆኖ ጊዜው ጥቂት ቢሆን የሚሸተው ኔጋቲቭና የሚደበዝዘው ቀለም ይቅደሙ።

ሦስተኛው ነገር በስካነር መቅዳት ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር ያለ ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በብዙ ቤት የሚገኘው ቴሌቪዥን በአግድም 1920፥ በቁም 1080 ነጥብ አለው፤ አዲሱና ትልቁ ደግሞ በአግድም 3840፥ በቁም 2160 አለው። ስካነር በያንዳንዱ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚቀዳ በቍጥር ይታዘዛል። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነው የተለመደው ፎቶግራፍ 4 በ6 ኢንች ያህል ነው፤ በ300 ቢቀዳ 1200 በ1800 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም ለትንሹ ቴሌቪዥን እንኳ በአግድሙ አይበቃም። በ600 ቢቀዳ 2400 በ3600 ይሆናል፤ ይህ ለቪዲዮው በቂ ነው፤ ወደ አንድ ፊት ጥቂት ለመጠጋትም ይፈቅዳል። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነችው የመታወቂያ ፎቶግራፍ ትንሽ ስለ ሆነች በ1200 ትቀዳ። ጣት የምታህለው የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ግን ከ2400 በታች ብትቀዳ ሀብቷ ይቀራል።

በዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይደረጋል። አንዱ ከሚያስፈልገው በታች መቅዳት ነው፤ ሁለተኛው ቍጥሩን ከፍ ባደረጉት መጠን ፊቱ የሚጠራ መስሎ መታየቱ ነው። የታተመ ወረቀት የያዘውን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይሰጥም፤ ብዙዎቹ ከ600 በላይ ቢቀዱ የሚጨመረው የወረቀቱ ሻካራነት ብቻ ነው። 40 ሰዎች ከቆሙበት ፎቶግራፍ ላይ አንዱን ፊት ብቻ ቴሌቪዥኑን እስኪሞላ ድረስ ማጉላት የሚፈልግ ሰው ኔጋቲቩን ይፈልግ፤ ያ ካልተገኘ ጥቂት በመጠጋት ይርካ።

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍም ቢሆን በቀለም መቅዳት ይሻላል፤ የወረቀቱ ወዝ፥ የማኅተሙና የጽሕፈቱ ቀለም ይቀራልና። ጀርባውም ጽሕፈት ካለበት ይቀዳ። የመጀመሪያው ቅጂ ቲፍ በሚባለው ዓይነት ይቀመጥ፤ ጄፔግ የሚባለው ቦታ የሚቈጥብ ቢሆንም ተስተካክሎ በተቀመጠ ቍጥር ከሥዕሉ ጥቂት ይቀንሳል። ስካነር የሌለው ሰው በእጅ ስልክ ሊቀዳ ይችላል፤ ነገር ግን የስልኩን መስታወት ይወልውል፤ ብልጭታውን ያጥፋ፤ ፎቶግራፉን በመስኮት አጠገብ፥ ፀሓይ በቀጥታ በማይመታው ስፍራ፥ ያጋድመው፤ ስልኩንም ከወረቀቱ ጋራ አስተካክሎ፥ አራቱ ማዕዘን ሁሉ እየታየ፥ ያንሣ። ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ፎቶግራፍ የሚልክ እንደ ሆነ በመልእክት መላኪያዎቹ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ መሣሪያው አሳንሶ ያደርሰዋል፤ የላከውም ሰው መልካሙን የላከ ይመስለዋል።

አራተኛው የቅርጽ ነገር ነው። የቴሌቪዥን ቅርጽ 16 በ9 ነው፤ የአሮጌው ፎቶግራፍ ግን ወይ ቁመቱ ይበልጣል፥ ወይ ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል። አንዳንድ ሰው ጥቁር ጠርዝ እንዳይታይ ብሎ ሥዕሉን ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ ቀጭኑ አባት ወፍራም፥ ረጅሙም አጭር ሆኖ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ከላይና ከታች ይቈርጠዋል፤ በፎቶግራፉ ጠርዝ የቆመችው የቤት ሠራተኛ፥ እግር ሥር የተቀመጠው ሕፃን ይጠፋሉ። ከጥቁር ጠርዝ የሰው መቈረጥ ይብሳል። ሥዕሉ ሙሉውን በመካከል ይቀመጥ፤ ጎንና ጎኑም ጥቁር ወይም ደብዛዛ ቀለም ይሁን። መቅረብ የሚያስፈልግ ቢሆን አስቀድሞ ሙሉው ይታይ፥ ከዚያም ይቀረብ። የሚጻፈው ስምም ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ገባ ብሎ ይጻፍ እንጂ በፊት ላይ አይውጣ።

አምስተኛው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እርሱም የማስተካከል ነገር ነው። ጭረትን መሸፈን፥ የደበዘዘውን ብርሃን ማቅናት፥ ወደ ቀይ የሄደውን ቀለም መመለስ ተገቢ ሥራ ነው። ይህም ሁሉ በቅጂው ላይ ይደረግ፤ የመጀመሪያው የቲፍ ፋይል ግን ሳይነካ ይቀመጥ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ደብዛዛውን ፊት አጥርቶ፥ ጥቁርና ነጩንም በቀለም አልብሶ በአንድ አፍታ ያወጣል። ሰውም አይቶ ይደነቃል። ነገር ግን መሣሪያው ያን ሰው አላየውም፤ ከሌሎች እጅግ ብዙ ሰዎች ፊት የተማረውን ይዞ የጎደለውን በግምት ይሞላል እንጂ። የሚወጣው ዓይን የዚያ አባት ዓይን አይደለም፤ አባቱን የሚመስል የሌላ ሰው ዓይን ነው። የእናት ቀሚስ ጥለት አረንጓዴ ይሁን ወይም ቀይ በጥቁርና ነጩ ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ መሣሪያው ግን ሳያውቅ ይቀባዋል። ይልቁንም ቆዳን የሚያለሰልሰው መሣሪያ በአያት ግንባር ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት፥ በአያትም ጉንጭ ላይ ያለውን የፈንጣጣ ጠባሳ እንደ ቆሻሻ ቈጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ልጆቿ እናታቸውን የሚያውቋት በዚያ ንቅሳት ነበረ። የልጅ ልጆች ግን እርስዋን በዓይናቸው አላዩምና ያ የተሠራ ፊት እውነተኛ ፊቷ ይመስላቸዋል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላም እውነተኛው ይረሳል። ስለዚህ ደብዛዛ እውነት ከጥሩ ሐሰት ይሻላል። በመሣሪያ ቀለም የተቀባ ሥዕል በቪዲዮ የገባ እንደ ሆነም ከሥሩ «ቀለሙ በግምት የተቀባ» የሚል ጽሕፈት ይጻፍበት፤ ዋናውም ከርሱ አስቀድሞ ይታይ።

ስድስተኛው የጊዜና የአካሄድ ነገር ነው። አንድ ፎቶግራፍ ለአንድ ሰው ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ቢቆይ ይበቃል፤ ብዙ ሰዎች የቆሙበት ግን ተመልካቹ ፊት ለፊት እየዞረ የሚያውቀውን እስኪያገኝ ድረስ 10 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እያንዳንዱ 6 ሰከንድ ቢቆይ 10 ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ 100 ፎቶግራፍ ይይዛል። እንግዲህ 400 ፎቶግራፍ የሰበሰበ ሰው ወይ 40 ደቂቃ ያህል እንግዳውን ያስቀምጣል፥ ወይ ይመርጣል፤ መምረጥ ይሻላል። የተቀሩት በመዝገብ ይቈዩ እንጂ አልተጣሉም። መንቀሳቀሱም በዝግታ ይሁን፤ በ6 ሰከንድ ውስጥ ከመቶ 10 እጅ ያህል መጠጋት ይበቃል። ፎቶግራፉ ሁሉ ሳያቋርጥ ሲጠጋና ሲርቅ፥ ሲሽከረከርም ዓይን ይታክታል፤ ፊትም አይታይም። ከሁለት ሦስት ሥዕል በኋላ አንዱ ጸጥ ብሎ ቢቆም የዚያ ጸጥታ ኃይሉ ብዙ ነው። መንቀሳቀስም ምክንያት ይኑረው፤ ከሙሽራው ወደ እናቱ ቢሄድ ነገር ይናገራል፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ቢሄድ ግን ምንም አይናገርም።

ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለብዙ ሰው እንዳይታይ መጠንቀቅ ይገባል። በሕመም አልጋ ላይ ወይም በኀዘን ቀን የተነሣው ሥዕል ለቤተ ሰቡ ብቻ የሚሆን ምስጢር ነው። በበዓል ቀን በአዳራሽ የታየው ቪዲዮ በማግስቱ በኢንተርኔት በዓለም ሁሉ ሊዞር ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ከኋላ ጠብ ያድናል።

በመጨረሻም ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ዋናው ወረቀት «እንግዲህ በኮምፒዩተር ገብቷል» ተብሎ አይጣል። ኮምፒዩተር ይሰበራል፤ ስልክ ይሰረቃል፤ የፋይሉም ዓይነት በጊዜው ብዛት የማይከፈት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን 100 ዓመት ቢያልፈውም ያለ መሣሪያ በዓይን ይታያል። ወረቀቱ ከፀሓይና ከእርጥበት ርቆ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። ቅጂው ከአንድ በላይ ይሁን፤ ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፥ ከነርሱም አንዱ በሌላ ቤት፥ ምናልባትም በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ እጅ ቢቀመጥ እሳትም ሌባም ሦስቱን በአንድ ጊዜ አያገኛቸውም። የስሙም መዝገብ ከያንዳንዱ ቅጂ ጋራ አብሮ ይሂድ፤ ስም የሌለው ፊት ግማሽ ቅርስ ነውና።

ቪዲዮው የሚታየው በአንድ ምሽት ነው፤ እንግዶቹም አይተው፥ አልቅሰውም ስቀውም፥ ወደ የቤታቸው ይሄዳሉ። በደንብ የተቀዳው ፊትና በደንብ የተጻፈው ስም ግን ገና ያልተወለደውን ልጅ ይጠብቃል። ያ ልጅ አንድ ቀን ሣጥኑን ከፍቶ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ የሚመልስለት ሽማግሌ በሕይወት ባይኖር እንኳ፥ ወረቀቱ ራሱ ይመልስለት ዘንድ ዛሬ ሣጥኑን መክፈት፥ ዛሬም ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይገባል።